ባዝራዋ የበላችው አጥር

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ አንድ በጋ ሙሉ ጓደኛዬ ፈረስ ነበረች። ሰው ስነግረው ይስቃል። የወለድኳቸው ልጆችም ይስቁብኛል። “ፈረስ እኛ ቆላ ምን ሊሠራ ይመጣል? ግመል ነው ያየሽው” ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። እኔም እስከዚያ ድረስ ፈረስ ያየሁት ከደጋ የወረደ ባለጉዳይ ወንዙን ሲሻገር፣ እሱንም ከሩቅ ነው። ግን ሆነ። ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ካሚዮን ከሚያልፍበት መንገድ የማይታይ ሸለቆ ነበር። እዚያ ውስጥ እኔና አንዲት ዳማ ባዝራ ከጧት እስከ መግሪብ ተያይተን እንውል ነበር። የላቧ ሽታ ከደረቀ አገዳና ከግራር አበባ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቷል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ማሳመር አልችልበትም፤ እንደማወራው እጽፈዋለሁ። በዚያ ዘመን ልጅ የነበራችሁ ትረዱኛላችሁ።

አባቴን የወሰዱት የማሽላው አጨዳ እንዳለቀ ነው። ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው መንገድ ሊያሳልፉ ነው ተብሎ፣ በየመንደሩ ሰው ይለቀም ነበር። ባንዳዎቹ እኛም ጋ መጡና ክንዱ የጠነከረውን ሁሉ ሰበሰቡ። አባቴ ሊሄድ ሲል ሞፈሩን ከደጅ አንስቶ ጓዳ አስገባው። “ዝናብ እንዳይመታው” አለ። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እስከሚሰወር አየችው፤ ከዚያ ገብታ የሱን መቀመጫ ጠረገችው። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

እናቴ ሀዋ ትባል ነበር። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የምትነሳ ሴት ናት። ውሻ ከጮኸ ማን መጣ ትላለች፤ ውሻ ዝም ካለም ምን ሆነ ትላለች። እኔም ዛሬ ልጆቼ ላይ እንደሷ ሆኜአለሁ። የፍርሃት ነገር እንዲህ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ በከተተበት ሰዓት፣ በጓሯችን በኩል አንድ ሰው ባዝራ እየሳቡ መጡ። ጋሼ ተሰማ ነበሩ። ከደብረ ሲና በላይ የሚኖሩ የአባቴ የገበያ ወዳጅ ናቸው። እሳቸው ገብስና ባቄላ ይዘው ይወርዳሉ፤ አባቴ ጥጥና ማሽላ ይሰጣቸዋል። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ስለሆንን፣ ቤታችን ሲያድሩ እናቴ የሥጋ ነገር አታነሳም፤ ወተትና የማሽላ ቆሎ ታቀርባለች፤ እሳቸውም እየመረቁ ይበላሉ። ያን ቀን ግን አልተቀመጡም። ጢማቸው አድጓል፤ ጠመንጃቸው ከጋቢው ስር ይታያል።

“ሀዋ፣ ጫካ ገብቻለሁ” አሉ። “ይህች እንደምታዪያት ከብዳለች። ይዣት ብዞር ትወድቅብኛለች። ደጋ እንዳልተዋት ደግሞ ጣሊያን ፈረስና በቅሎ የተባለ አላስቀረም፤ ከየጋጣው እየፈታ ነው የወሰደው። ቆላ ፈረስ አለ ብሎ የሚፈልግ ግን የለም።”

“አያ ተሰማ፣ ወላሂ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴን ወስደውታል እኮ።”

“ሰምቻለሁ። ሰምቼም ነው አፍሬ በጓሮ የመጣሁት። ዝናቡ ሳይገባ እወስዳታለሁ። ክረምቱ ከደረሰባት ቆላው ራሱ ይገድላታል። እስከዚያ ብቻ።”

እናቴ ወደ መንገዱ አየች፤ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ገመዱን ተቀበለቻቸው። “እንግዲህ አማና ነው” አለች። በኛ ዘንድ ይህች ቃል ከአፍ ከወጣች መመለስ የለም። ያስቀመጠው ሰው ቢጠፋ ለልጁ፣ ልጁም ባይኖር ለዘመዱ ይመለሳል እንጂ ቤት አይቀርም።

ጋሼ ተሰማ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ የጠየቁት ስለ አጥር ነው። እናቴ በረታችንን አሳየቻቸው። እንደሁሉም ሰው በረት ነው፤ ደረቅ የግራር እሾህ ተደራርቦ ዙሪያውን የተከመረበት፣ በሩም በአንድ ትልቅ ጋሬጣ የሚዘጋ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይኸማ ላም ያኖራል፤ ፈረስ ግን ይገድላል” አሉ። “ላም ስትደነግጥ ትቆማለች። ፍየል ስትደነግጥ ትጮኻለች። ፈረስ ስትደነግጥ ትሮጣለች፤ ወዴት እንደምትሮጥ ግን አታይም።”

ከዚያ ቁጢጥ ብለው በእንጨት መሬት ላይ ሳሉላት። “ክብ አድርጊው። ማዕዘን አይኑረው፤ ፈርታ ማዕዘን ውስጥ ከገባች መዞር አይሆንላትም። እሾሁ ለጅብ ነው፤ ከውጭ ይሁን። ከውስጥ በኩል ልጡ የተላጠ ለስላሳ እንጨት፣ እስከ ደረቷ። በማገርና በማገር መካከል ያለው ክፍተት ወይ ኮቴዋን ጨርሶ የማያስገባ፣ ወይ ገብታ በደህና የምትወጣበት ይሁን። መሐል ቤት ያለው ነው እግር የሚሰብር። ድንጋዩን ልቀሚ፤ ጉቶውን ንቀይ። በሩ ሰፊ ይሁን፤ ሆዷን አታዪም? በጋሬጣ እንዳትዘጊው ደግሞ።”

“እሺ።”

“እሺ አትበይኝ፤ መልሰሽ ንገሪኝ።”

እናቴ እንደ ቁርአን ቤት ልጅ ቆማ ደገመችላቸው። ክቡን አለች፣ እሾሁን አለች፣ ማገሩን አለች፣ በሩን አለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ “ድንጋዩን ረሳሽ” አልኳት። ጋሼ ተሰማ ሳቁ። “በይ አጥሩን ላንቺ ነው የሰጠሁት” ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ያች ነገር ልቤ ውስጥ ገባች። እሳቸው ሲሄዱ ባዝራዋ ልትከተላቸው ገመዱን ሳበችና ሸለቆው እስኪያስተጋባ አሽካካች። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ፊቷ ላይ ጣለችባት። “ዝም በይ! ዝም በይ የኔ እመቤት፤ ታስፈጂናለሽ!” እያለች ፈረስን እንደ ልጅ ትለማመጣታለች። ጋሼ ተሰማ ዞር ብለው አላዩም።

በኛ አገር አጥር የሚታጠረው በደቦ ነው። ጠላ ባይኖርም ቡቅሪ ይጠመቃል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይዘፍናል፤ ከቀትር በፊት ያልቃል። ብቻውን የሚያጥር ሰው ወይ ከሰው የተጣላ ነው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። እኛ ደግሞ የምንደብቀው ነገር ነበረን። ደቦ ከጠራን መንደሩ ሁሉ ያያል፤ ካየ ደግሞ ማን ምን እንደሚያወራ አይታወቅም፤ ጣሊያን ፈረስ የደበቀን ቤት ያቃጥላል ይባል ነበር። ስለዚህ እናቴና እኔ ብቻችንን ገባንበት። ሸለቆው የሚታጠፍበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ስር መረጠች። እሷ በመንሽ እሾሁን ትገፋለች፣ እኔ ድንጋይ እለቅማለሁ። እጃችን ደማ። እግራችን ደማ። ለሰው ግን “ለፍየሎቹ አዲስ ጉረኖ እየሠራን ነው” አልን።

እሾሁ ቀላል ነበር፤ ቆላ እሾህ አይቸግርም። የተላጠ እንጨቱ ነው የቸገረን። መጥረቢያ ድምፅ አለው። ዛፍ ሲቆረጥ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። እናቴ ቁጭ ብላ አሰበች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። ከአውድማው ዳር የተከመረውን የማሽላ አገዳ ተሸክመን አመጣን። እቅፍ እቅፉን በልጥ እያሰረች፣ ከእሾሁ በስተውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥማ አቆመችው። ዙሪያውን ሲሞላ ወፍራም ግድግዳ ሆነ፤ ብትጫኑት የሚመለስ፣ ለስላሳ። ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ክምር አገዳ እንጂ ሌላ አይመስልም። በሩ ላይ የአባቴን ሞፈር ከጓዳ አውጥታ መወርወሪያ አደረገችው። “እሱ እስኪመጣ አይታረስበት” አለች። ጨርሳ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። “ማሻአላህ” አለች ለራሷ። አባቴ ከሄደ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ነው።

ባዝራዋን አስገባናት። አጥሩን ዙሪያውን አሸተተችው። ቆማ አሰበች። ከዚያ አንድ አገዳ መዝዛ ቆረጠመች።

እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። እኛ ቆላ ተወልደን አገዳ ከብት እንደሚበላ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ግን አጥር ከሆነ አጥር ነው፤ ማን አጥሩን ይበላል? ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔ ሥራ ይህ ሆነ፤ ፈረስ አጥሯን እንዳትበላ መጠበቅ። ሣር አጭጄ አቀርብላታለሁ። ሣሩን ትበላና ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔ ዞር ስል ትመዝዛለች። “አጥር አይበላም!” እላታለሁ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች። ሣር ያላበላኋት ይመስል! ስቆጣት፣ ስለምናት፣ ተረት ስነግራት እውላለሁ። ዳሜ ነው ያልኳት። እናቴ አዲስ አገዳ ታመጣና ትሞላዋለች፤ ግን ያው አገዳ ማገዷችንም ነው፣ የላሟም መኖ ነው፤ ክምሩ ወረደ። ግድግዳው በየቦታው እየሳሳ፣ ከበስተጀርባው እሾሁ በቀዳዳ መታየት ጀመረ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ብቻዬን መዋሉ ነው። እናቴ “ከልጆቹ ጋር አትቀላቀይ፤ አፍሽ ያመልጥሻል” ብላኛለች። በጧት ሰው ሳይነሳ እገባለሁ፤ በመግሪብ እወጣለሁ። ቅልልቦሽ ብቻዬን እጫወታለሁ፤ ጠጠሩ ከእጄ ሲያመልጥ የሚስቅብኝ የለም፤ ስይዘውም የሚቀናብኝ የለም። ከወንዙ በኩል የልጆቹ ጫጫታ ይሰማኛል። ፋጤ የምትባል የእትዬ ዘምዘም ልጅ ነበረች፤ በአንድ መደብ ያደግን ጓደኛዬ ናት። ድምፅዋን ከሁሉም እለያለሁ። ውሃ ልቀዳ አንዳንዴ ወንዝ ስወርድ ግን፣ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። ፋጤ ጠጠሯን ሰብስባ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። አንድ ቀን አንዱ ልጅ “የሀዋ ፍየል ታሽካካለች!” ብሎ ሲጮህ ትልቅ እህቱ አፉን በመዳፏ ደፈነችው፤ ሁሉም ተነስተው ሄዱ። እኔ ውሃውን ሳልቀዳ ቆምኩ። ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም። አባት የሌላት ስለሆንኩ ነው? ፈረስ ፈረስ ስለምሸት ነው? ልብሴን ወንዝ ውስጥ ደጋግሜ አጠብኩት። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እሷ የራሷ ፍርሃት ይበቃት ነበር።

አባ ኢብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችንም ያናድዱኝ ነበር። በየጧቱ ፍየሎቻቸውን ከሌላ ቦታ ሁሉ መርጠው እኛ ሸለቆ አፍ ላይ፣ ዳሜን ውሃ በማጠጣበት አሸዋ ላይ ይነዷቸዋል። አሸዋው ሁሉ በፍየል ኮቴ ይታመሳል፤ ውሃው ይደፈርሳል። እሳቸውም እኔን እንዳላዩ ሆነው፣ “ሂጅ! ሂጅ አንች የተረገምሽ!” እያሉ ያልፋሉ። ለፍየሏ ይሁን ለኔ አላውቅም ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ አይሮፕላን መጣ። ከዚያ በፊት ከሩቅ ሰምተነው እናውቃለን፤ ያን ቀን ግን መንገዱን ተከትሎ ዝቅ ብሎ መጣና በሸለቆአችን ላይ አለፈ። ጥላው ቁርቁራው ላይ ሲያልፍ አየሁት። ዳሜ ዓይኗ ነጭ ሆነ። ክቡን አንዴ ዞረች፤ እንደገና ዞረች፤ ጋሼ ተሰማ እንዳሉት ክብ ስለሆነ ብቻ እየዞረች ነበር። ከዚያ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ በአገዳው በሳሳበት በኩል ገባች። አገዳው ተሸነቆረ። እሾሁ ደረቷንና የፊት እግሯን ያዛት። ወደ ኋላ ስትስብ ሌላው ይወጋታል፤ ወደ ፊት ስትል ሌላው። አልጮኸችም። ትንፋሿን ብቻ ነው የምሰማው። እኔ “ዳሜ፣ ቁሚ፣ ዳሜ” እያልኩ አንገቷን ይዤ ቆምኩ፤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ። ደሟ ክንዴ ላይ ይሞቃል። በስተመጨረሻ ራሷ ተንቀጥቅጣ ቆመች፤ ያኔ እናቴን ልጠራ ሮጥኩ።

ሁለታችን እሾሁን ከላይዋ ላይ አነሳን። ደረቷ ላይ ያለው ተነቀለ። ጉልበቷ ውስጥ የገባው ግን ተሰብሮ ቀረ። በማግስቱ ጉልበቷ አበጠ፤ እግሯን መሬት አታስነካም፤ ውሃ አቀረብንላት፣ አልጠጣችም። ሆዷ ውስጥ ያለውም ውርንጭላ አብሮ መሄዱ ነው። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ራሷን ይዛ “አማናውን በላሁት፤ ለተሰማ ምን ብዬ ነው የምመልስለት?” እያለች ታለቅሳለች። ለሰው ካልተናገረች ባዝራዋ ትሞታለች። ከተናገረች ደግሞ ከሚሰሙት አንዱ ለባንዳ ቢናገር ቤታችን ይቃጠላል፤ እኛም አብረን። ያን ቀን እስከ ዙሁር ስትነሳ ስትቀመጥ ዋለች። ከዚያ ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አሰረች፣ እጄን ያዘች።

አባ ኢብሬ ደጃቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ሙስበሃ ይቆጥሩ ነበር። እናቴ ሰላምታውን አስረዘመችው፤ ስለ ፍየሎቹ ጠየቀች፣ ስለ ወገባቸው ጠየቀች። በመጨረሻ፣

“አባ ኢብሬ፣ አንዲት ፍየሌ ታማብኝ ነበር” አለች።

“የቷ ፍየልሽ? የምታሽካካዋ?”

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። “ያ አላህ! ያውቃሉ?”

“አንቺ ሴት፣ ነፋሱ ከሸለቆው ወደኛ ነው የሚነፍሰው። የፈረስ ፋንድያና የፍየል በጠጥ የማንለይ መሰለሽ?”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? እንዲህ ስቃጠል እያዩ!”

“አማናው የተሰጠው ላንቺ ነዋ። አውቄአለሁ ብዬ ዘው ብዬ ብመጣ አማናሽን ሰረቅኩሽ ማለት አይደል? ስትጠይቂን እንመጣ ነበር። አንቺ ግን አፍሽን እንደ ቅል ገጥመሽ ተቀመጥሽ። እኔማ ሳትጠይቂኝ ልሞት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።”

“ባንዳው ቢሰማስ?”

“ባንዳው መጥቶ ጠይቆኝ ሄዷል። አሸዋው ላይ የፈረስ ኮቴ አየሁ አለኝ። የናንተው የጣሊያን ሰፈር፣ የካምቦው በቅሎ ነው፣ ውሃችንን አደፈረሰብን፣ ክፈሉኝ አልኩት። ትቶኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነው ፍየሎቼን በዚያ በኩል የምነዳቸው።” ከዚያ ወደኔ ዞሩ። “ይህች ደግሞ በዓይኗ ስትበላኝ ነው የከረመችው።”

ተነስተው ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱን። ልጡ የተላጠ፣ ለስላሳ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት ተደርድሮ ቆሟል። ደርቆ ነጭ ሆኗል። ትናንት የተቆረጠ አይደለም። እናቴ እጇን አንዱ ላይ አድርጋ ላይ ታች ዳበሰችው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደቦ መጣ። እንደዚያ ያለ ደቦ አይቼ አላውቅም። ዘፈን የለውም። የቀሩት ሽማግሌዎችና ሴቶቹ ናቸው፤ እንጨቱን ተሸክመው አንድ አንድ እያሉ በየአቅጣጫው መጡ፣ በእጅ እየተጠቋቆሙ ሠሩ። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ይቆፍራል፣ ቋሚውን የሚያቆመው ያቆማል፣ ማገሩን በልጥ ያስራሉ። እናቴ መሐል ሆና፣ ያች ፈሪ እናቴ፣ “እዚህ ጋ ኮቴ ይገባል፤ ፍቱት” ትላለች፤ ይፈቱታል። አባ ኢብሬ ከአንገታቸው ወረንጧቸውን አውልቀው፣ ዳሜን እያናገሩ፣ ጉልበቷን በለጋ ቅቤ እያለሰለሱ ሲፈልጉ ቆዩና የተሰበረውን እሾህ አወጡት። ረጅም ነበር። ሲወጣ መግል ተከተለው። ዳሜ ተነፈሰች፤ ሰዉም አብሯት ተነፈሰ።

እኔ ዳር ቆሜ ሳይ እትዬ ዘምዘም ጎኔ መጡ። “ምነው ፊትሽ ጠቆረ?” አሉኝ።

“ፋጤ ትጠላኛለች” አልኳቸው።

“ማን? ፋጤ? ‘ሰአዳ ጋ ልሂድ’ እያለች አይደል እያለቀሰች የምትተኛው! እኔ ነኝ የከለከልኳት። ሁላችንም ነን ልጆቻችንን የከለከልን። ልጅና ልጅ ከተገናኘ ወሬ ይወልዳል፤ ባንዳው ደግሞ ልጅ ነው የሚጠይቀው። ላንቺ ብለን እኮ ነው፣ እናቴ።”

ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። ለኔ ተብሎ ነው እንደዚያ የሆንኩት? ማልቀሴን እንዳያዩ የዳሜ አንገት ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ።

ዳሜ ዳነች፤ ትንሽ ማነከሱ ግን አልለቀቃትም። በአዲሱ አጥር ውስጥ ወለደች። አንድ ጧት ስገባ ውርንጭላዋ በቀጫጭን እግሮቿ ቆማ እናቷ ስር ትፈልጋለች። ከቀናት በኋላ መሮጥ ጀመረች። አንድ ቀን በመንገዱ በኩል የካሚዮን ጎማ ፈነዳና ደነገጠች፤ ወዴት እንደምትሄድ ሳታይ ተፈተለከች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎኗ የተላጠውን እንጨት መታው፣ ተንሸራተተችበት፣ ዞራ እናቷ ጋ ተመለሰች። ምንም አልሆነችም። ሮጬ ጎኗን ዳበስኩት፤ ጭረት የለበትም። “አልሃምዱሊላህ” አልኩ እንደ ትልቅ ሰው። ጋሼ ተሰማ ይህን ቢያዩ ብዬ ተመኘሁ።

እሳቸው ግን አልመጡም። ደመናው ከጣርማ በር ላይ መውረድ ጀመረ፤ ዝንቡ በዛ። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ባዝራዋን መግደል ነው። አባ ኢብሬ ራሳቸው ከገብስ ነጋዴዎች ጋር ተደባልቀው፣ መንገዱን ትተው በፍየል መውጫ፣ ዳሜንና ልጇን ይዘው ወጡ። ስትሄድ አላሽካካችም። ዞር ብላም አላየችኝ። ፈረስ እንዲህ ነው።

አባ ኢብሬ ሲመለሱ እናቴ ደጅ ላይ ተቀበለቻቸው። ባዝራዋን ለጋሼ ተሰማ እህት አስረክበዋል። ጋሼ ተሰማ ግን ባዝራዋን እኛ ጋ ትተው በሄዱ ሰሞን ነው የወደቁት። እህታቸው የዳሜን አንገት ይዛ አለቀሰች፤ ደረቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ተከተለችው፤ ምንም አልጠየቀችም አሉ። እናቴ “ኢና ሊላሂ” አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ “ለሞተ ሰው ነው እንዴ ስንጠብቅላቸው የነበረው?” ብዬ ጠየቅኩ። “ለተሰማ ነው የጠበቅነው” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወንዝ ወረድኩ። የሚከለክለኝ አልነበረም። ልጆቹ ሲያዩኝ ተነሱ፤ ፋጤ ሮጣ አቀፈችኝ፤ ጠጠሮቹን ሰጠችኝ፣ “አንቺ ጀምሪ” አለችኝ። ጠጠሩን ወደ ላይ ወረወርኩ፤ ያዝኩት፤ ደግሜ ያዝኩት። ሲስቁ እኔ መቼ እንደምስቅ ጠፋኝ። ሲንጫጩ ምን እንደምል ጠፋኝ። አንድ በጋ ሙሉ ለፈረስ ሳወራ ከርሜ፣ ሰው ሲመልስልኝ ግራ ገባኝ። ትንሽ ተቀምጬ “እናቴ ትጠብቀኛለች” አልኩና ተነሳሁ። እናቴ አልጠራችኝም ነበር።

አባቴ አገሩ ነፃ ከወጣ በኋላ በሳል ተይዞ ተመለሰ፤ ሞፈሩንም ያዘው። ዛሬ ሁሉም የሉም። እኔ ሸዋ ሮቢት ከተማው ውስጥ መንገድ ዳር ቤት አለኝ። ያኔ በየሰዓቱ አንድ ካሚዮን ከመጣ የምንደነግጥበት መንገድ ዛሬ አውቶቡስና የጭነት መኪና አያጣውም። ያኔ ጎረቤት ሁሉ እያየ ዝም ብሎ ይጠብቀን ነበር፤ እኔ ግን የሚያየኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ በጠዋት ያንኳኳል፣ ያወራል፣ ይስቃል፤ እኔም “ደህና ነኝ” እለዋለሁ። መፍራቴን ለማንም አልነግርም። የመጨረሻ ልጄ ከደጅ ከዘገየች ልቤ ይቆማል።

ትናንት ከአሱር በኋላ ልጄ ጠፋችብኝ። ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ። ስሟን እየጠራሁ መንገዱን ላይና ታች አየሁት። አዲሷ ጎረቤቴ፣ ስሟን እንኳ በደንብ የማላውቃት፣ ከግቢዋ ውስጥ ሆና “እኛ ጋ ናት እትዬ ሰአዳ! ከልጆቹ ጋር እየተጫወተች ነው። ይግቡ እንጂ፣ እኛም ተቀምጠን እያወጋን ነው” አለችኝ። “እሺ” አልኳት። በሩ ክፍት ነበር። የልጄን ሳቅ እሰማዋለሁ፤ ከሌሎቹ መሐል እለየዋለሁ። እስኪመሽ ከውጭ ቆሜ አዳመጥኩት። ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ብቀመጥ ደስ ባለኝ፤ ምን ብዬ እንደምገባ ግን ዛሬም አላውቅም።